በአለቃ ፈንታ

ወንጀሉ ደም አልነበረውም፤ የተሰበረ መስኮት ወይም የጎደለ ዕቃም አልታየበትም። መጋቢት ዐሥራ አራት ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ጣቢያ፣ ማተሚያው ጥቂት ተንጫጭቶ አንድ ገጽ ወረቀት ተፋ። የመረጃ ክፍሏ ባለሙያ ወይንሸት ገብረ ማርያም ቀድዳ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ በኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

በወረቀቱ ላይ የሰፈረው የዘጠኝ መንደሮች ስም ነው፤ ኮሚቴ የመከረበት፣ ማኅተም ያረፈበት የውኃ ጉድጓድ ወረፋ። ሐሙስ ዕለት ከደሴ የሚደርሰው መቆፈሪያ መኪና የሚያመራው በዝርዝሩ አንደኛ ወደሆነችው መንደር ሲሆን፣ ዘጠነኛዋ ተራዋ እስኪደርስ ሁለት ክረምት ታሳልፋለች። ዐርብ ማታ ሥራ ሲዘጋ አንደኛዋ ከአስፋልቱ ዳር ያለችው ዋርካ በር፣ ዘጠነኛዋ ደግሞ በምሥራቁ ቆላ ጫፍ የተጣለችው ሐሮ ዲማ ነበረች። አሁን ሐሮ ዲማ ከሁሉ በላይ ተቀምጣለች፤ የቀሩት ስምንቱ አንድ አንድ እርከን ወርደዋል።

ጥፋቱን ያገኘችው ወይንሸት ናት። ያስታወቀችውም እርሷው ናት። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የታሰረችውም እርሷው።

*

መቶ አለቃ ታረቀኝ ወልደ ሚካኤል በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ የከብት ሌባን በኮቴ፣ ነፍሰ ገዳይን በዝምታው ለይቷል። ሣጥን ውስጥ ገብቶ የመንደር ተራ የሚያዛውር ሌባ ግን ገጥሞት አያውቅም። ስለዚህ ጣቢያው ደርሶ የመጀመሪያውን ሰዓት ያሳለፈው በማድመጥ ነበር። የሚያስረዳው የጣቢያው የፖለቲካ ተጠሪ ጓድ ካሳው ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ያልሞላው፣ በቆቦ ሙቀት የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ወጣት።

ካሳው እንዳስረዳው፣ ኮምፒዩተሩ አንድ ሣጥንና ሦስት ስክሪን ያለው ሆኖ የሚጠቀሙበትን ሰዎች በማዕረግ ያውቃቸዋል። ተራው ተጠቃሚ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፤ የጸደቀ ዝርዝር ግን አይነካም። ይህን የሚችለው ማሽኑ «አለቃ» ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአለቃነቱን የይለፍ ቃል የሚያውቁትም የጣቢያው ኃላፊ አቶ አብዱሰመድ ብቻ ናቸው። እርሳቸው ቅዳሜ ማለዳ ለተዕዚያ፣ ማለትም ለለቅሶ፣ ወደ ዋጃ ሄደዋል፤ በዚያው ወባ ጥሏቸው እህታቸው ቤት መተኛታቸውን ሰው ልከው አስታውቀዋል። የማሽኑ የውሎ መዝገብ ግን ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት «አለቃ» ገብቶ ዝርዝሩን እንደለወጠ ይመሰክራል።

«አለቃው አልጋ ላይ ናቸው» አለ ካሳው። «ስለዚህ አንድ ተራ ሰው አለቃ ሆኗል ማለት ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ይህን ማድረግ የምትችል ደግሞ አንዲት ሰው ናት ያለችን።»

ከመሳቢያ አንድ ሰማያዊ ደብተር አወጣ፤ ከወይንሸት ጠረጴዛ የተገኘ ነው። ገጹን ገልጦ በጣቱ አሳየ። ጽሑፉ ንጹሕ፣ የተማሪ ቤት የእጅ ጽሕፈት ነበር፦ «ፈንታው በር ይከፍታል፤ ተራው ሰው ይገባል፤ አለቃ ሆኖ ይወጣል። ቅዳሜ በድጋሚ እሞክራለሁ።»

ታረቀኝ መስመሩን ሦስት ጊዜ አነበበው። የጣቢያው ዘበኛ ስም ፈንታው መሆኑን ለማወቅ መርማሪ መሆን አላስፈለገውም፤ ሲገባ በሩን የከፈቱለት እርሳቸው ነበሩ።

ካሳው አከታትሎ ዕቅዱን ነገረው። ከመቆፈሪያው መኪና ጋር ሐሙስ የሚመጣው ላንድ ሮቨር ሲመለስ ወይንሸትንና ዘበኛውን ጭኖ ደሴ ያደርሳል። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ታረቀኝ ያ ቃል ተጽፎበት ወደ ላይ የሄደ ዶሴ ተመልሶ ሲመጣ በዘመኑ አላየም። ለመመርመር የቀረው ጊዜ ሦስት ቀን ነበር።

*

ወይንሸትን በፖሊስ ጣቢያው የምርመራ ክፍል፣ አንድ እግሩ አጥሮ በሚንገዳገድ ወንበር ላይ፣ ወረቀት አጣጥፋ ከእግሩ ሥር ደግፋ ተቀምጣ አገኛት። የተበላሸ ነገር አይታ ማለፍ የማትችል ዐይነት ሰው መሆኗን ታረቀኝ ከዚህ ተረዳ።

ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ጣቢያው ውስጥ እንደነበረች፣ ከዚያ ቤቷ ሄዳ ልብስ ስታጥብ መዋሏን ነገረችው። ምስክር እንዳላት ጠየቃት።

«የልብስ ገመዱ» አለች። «ሌላ ሰው አልነበረም።»

«ደብተርሽ ውስጥ ምን እያጠናሽ ነበር?»

«ተራ ሰው እንዴት አለቃ እንደሚሆን።»

«ይህንን ዐረፍተ ነገር» አለ ታረቀኝ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ደሴ ላይ እንዳትደግሚው።»

ፈገግ ልትል ቃጣትና ተወችው። ከዚያ እንደ አስተማሪ ቀስ እያለች አስረዳችው። የማሽኑ መሪ ሥርዓት፣ ማለት ሁሉን ሥራ የሚደለድለው ክፍል፣ ሰውን በማዕረግ ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ ሆኖም በየማዕረጉ መካከል ያለው አጥር የሰው ሥራ ስለሆነ ቀዳዳ አያጣም። ቀዳዳውን ክፉ ሰው ሳያገኘው በፊት ራሷ አግኝታ መድፈን ፈለገች። ዋናው ማሽን ላይ ሞክራ እንደማታውቅ ማለች። ለዚህ ብላ ከአገልግሎት የወጣችውን አሮጌ ማሽን አስጠግና፣ ከሌላ ጋር የሚያገናኛትን ሽቦ ሁሉ በገዛ እጇ ቆርጣ፣ በቀድሞው የከብት መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ለብቻዋ አስቀምጣታለች። አንድ ቀዳዳ ባለፈው ወር አግኝታ ለአቶ አብዱሰመድ በጽሑፍ አመልክታለች።

«ፈንታውስ? በር የሚከፍተው?»

«እርሱ እኮ ሰው አይደለም።» ደንግጣ ቀና አለች። «አባ ፈንታውን አሰራችኋቸው እንዴ?»

ታረቀኝ ዐይኑን ወደ ወረቀቱ አወረደ። እርሷም ገባትና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ እጇን አውርዳ ቀጠለች። ተራ ሰው የሚያዝዘው፣ ነገር ግን በአለቃ ሥልጣን ብቻ የሚከናወን ሥራ አለ፤ ማተም አንዱ ነው፤ ማተሚያው የአለቃ ንብረት ነውና። አታሚው ፕሮግራም ስለዚህ በአለቃው ፈንታ ይሠራል። እየሠራ ሳለ መሀል ላይ ያዝ አድርገው ሌላ ነገር ቢያዙት፣ የለበሰውን የአለቃ ካባ ሳያወልቅ ይታዘዛል። ለእንዲህ ያለው ፕሮግራም የዐማርኛ ስም ብታጣለት «ፈንታው» አለችው።

«እንደራሴ አትይውም ነበር?»

«የድሮ ሥርዓት ቃል ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

ታረቀኝ ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ከዳው። ይህች ልጅ ከአንድ አደገኛ ቃል ሸሽታ የአንድ ሽማግሌ አንገት ላይ የሚጠመጠም ሌላ ቃል አምጥታለች።

*

አባ ፈንታው ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው የራያ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የተወለደው ወንድ ልጅ ሲሞት እናታቸው የእርሱ ምትክ ብለው ያወጡላቸውን ስም ተሸክመው አርጅተዋል። ዱላቸውን ፖሊስ ስለወሰደባቸው እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ ቸግሯቸው ነበር። ታረቀኝ ገና አፉን ሳይከፍት ቀደሙት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልጂቱን ፍታት።»

«ምን አደረጉ፣ አባ?»

«ያን የምትሉትን። መንደሯን ወደ ላይ ያወጣሁ እኔ ነኝ።»

«ወደ ማሽኑ እንዴት ገቡ?»

«በበሩ።»

ታረቀኝ ብዕሩን ይዞ ሁሉን በቅደም ተከተል እንዲነግሩት ለመናቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው፣ ጸሎት እንደሚደግም ሰው ባንድ ትንፋሽ አወረዱት፦ «ቅዳሜ ከቀትር ወዲያ ነው። በሩን ከፈትኩላቸው። ጀኔሬተሩን አስነሣሁ። ሣጥኗ በራች። ጽፌባት ዘጋኋት። ጀኔሬተሩን አጠፋሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።»

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ሐሮ ዲማ አንደኛ ብዬ።»

«በየትኛው ፊደል?»

አባ ፈንታው ደመወዝ ሲቀበሉ በአውራ ጣታቸው የሚፈርሙ ሰው ናቸው። ጥቂት አሰቡ። «በራያ» አሉ።

ታረቀኝ አልሳቀም። በዚያው ቀን ማሽኑ ፊት ወስዶ አስቀመጣቸው። ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡት፤ ከዚያ እንዲያስነሡት ሲጠየቁ ሣጥኑን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት፤ ላም ከመኝታዋ እንደሚያስነሣ ሰው። በኋላ እጃቸውን ሰብስበው፣ «ሰው ሲያየኝ ነው እምቢ የምትለኝ» አሉ።

ካሳው ግን በኑዛዜው ረክቷል። ዘበኛው በር ከፍቷል፣ ልጂቱ ሥራውን ሠርታለች፤ ደብተሩም ይህንኑ ይላል። ታረቀኝ ስለ ቃሉ ትርጉም ሲያስረዳው፣ በመላው ወሎ ቃል ጠፍቶ የዘበኛ ስም ለማሽን ይሰጣል ወይ ብሎ ጠየቀው። የሐሰት ኑዛዜ ከሐቀኛ ክህደት ይልቅ ሊያስር እንደሚችል መቶ አለቃው በሥራው ብዙ ጊዜ አይቷል። አንድ ነገር ግን ከነከነው፤ ሽማግሌው ማሽኑን አያውቁትም፤ ጀኔሬተሩ ቅዳሜ ከሰዓት መነሣቱን ግን ያውቃሉ።

*

ማክሰኞ ጠዋት ወይንሸትን አስከትሎ ወደ መጋዘኑ ሄደ። በሩ ላይ በእርሷ የእጅ ጽሕፈት «የታመመች ናት፤ ከሌላ ጋር አታገናኟት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጡ አሁንም የከብት መድኃኒት ይሸታል። አሮጌዋ ማሽን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ የተቆረጡ ሽቦዎች እንደ ድመት ጢም ወጥተዋል።

«እዚህ የፈለገ ቢፈርስ የሚጎዳ የለም» አለች። «አለቃ ሆኜ መቶ ጊዜ ወጥቻለሁ። የምገዛው ግን ባዶ ሣጥን ነው።»

ጀኔሬተሩ ተነሣ። በተራ ተጠቃሚ ስም ገባች፤ አንድ ገጽ እንዲታተም አዘዘች፤ ፕሮግራሙ ወረቀት እንዲሰጠው ሲጠብቅ በጎን አንድ ትእዛዝ ሹክ አለችው፤ ስክሪኑም ለአለቃ ብቻ የሚያሳየውን ምልክት አወጣ። ታረቀኝ በሕይወቱ ብዙ ሹመት አይቷል፤ እንዲህ ያለ ፈጣን ግን አላየም።

«አሁን የውሎ መዝገቧን አሳዪኝ።»

ከፈተችው። መዝገቡ ሁለት ዓምድ ነበረው። በአንደኛው ሥራው የተሠራበት ሥልጣን ተጽፏል፦ አለቃ። በሁለተኛው የገባው ሰው ማንነት፦ ወይንሸት።

ጉዳዩን ቀድማ የተረዳችው እርሷ ናት። «በፈንታ የወጣ ሰው» አለች ቀስ ብላ፣ «ሁለት ስም ይዞ ነው የሚወጣ። ካባው የአለቃው ነው፤ ገላው ግን የራሱ።»

ወደ ዋናው ማሽን ተሻገሩ፤ ካሳውም ተጠርቶ ቆመ። ሰኞ ዕለት ካሳው አይቶት የነበረው የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ነው፤ እርሷም መዝገቡን ሳትከፍት ነው የታሰረችው። አሁን የቅዳሜው ገጽ ተገለጠ። ዘጠኝ ሰዓት፤ ሥልጣን፣ አለቃ። የገባው ሰው፣ አለቃ።

ማንም በቀዳዳ አልሾለከም። ቅዳሜ የገባው የይለፍ ቃሉን አውቆ በዋናው በር የገባ ሰው ነው። ታረቀኝ ይህን ሲናገር የካሳው ፊት ለአፍታ ተናወጠ፤ ከዚያ ግን ተሰበሰበ። እንግዲያው ልጂቱ ቃሉን ሰርቃለች አለ። አልሰረቀችም የሚል ማስረጃ ይምጣለት። ኃላፊው እንደሆኑ ዋጃ ላይ በወባ እየተንቀጠቀጡ ተኝተዋል።

ታረቀኝ ያን ቀን የሁዳዴውን ምሳ በዘጠኝ ሰዓት ብቻውን በላ። ቀዳዳ ፍለጋ ያጠፋውን ጊዜ አስቦ ተከዘ። የሰው ልጅ ሌባውን ሁልጊዜ አጥር ሥር ይፈልገዋል፤ በበሩ ስለገባው ግን አይጠይቅም። ይህን ሲያስብ የሽማግሌው ድምፅ መጣበት። ወደ ማሽኑ እንዴት ገቡ? በበሩ።

*

ረቡዕ ጠዋት ካሳው የጉዞውን ወረቀት ይዞ ፖሊስ ጣቢያ መጣ። አብረውት ከአውራጃው የመጡ አንድ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ መኪና የሚጠብቃቸው ሰው። ሁለቱ በግቢው ሲያልፉ አባ ፈንታው ፀሐይ እየሞቁ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አንተ ካሳው» አሉ፣ «የጫማህ ማሠሪያ ተፈቷል፤ ትወድቃለህ።» ከዚያም ወደ ባለሥልጣኑ ዞር ብለው፣ «አንተስ እንዴት ሰንብተሃል? ከስተሃል ልበል?»

ባለሥልጣኑ ራያን የሚያውቁ ነበሩና ሥቀው እግዜር ይመስገን አሉ። ካሳው ጎንበስ ብሎ ማሠሪያውን አሠረ። ታረቀኝ ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ እንደቆመ ደረቀ።

እርሱንም እኮ አንተ ነው የሚሉት። «ልጂቱን ፍታት» ነው ያሉት። ወይንሸት አንቺ ናት። ጓድ ካሳው አንተ ነው። የአውራጃው ሹም አንተ ናቸው። አንቱታ የማያውቅ የራያ አንደበት ነው። ይህ አንደበት ሰኞ ዕለት ያለውን ለማየት የቃል መዝገቡን ገልጦ በጣቱ ወረደ፤ አገኘው። በሩን ከፈትኩላቸው።

ብቻውን ሊገባ በር የሚከፍት ሰው ለማን ይከፍትለታል? ከፈተም ይበል፤ «ከፈትኩለት» ወይም «ከፈትኩላት» ባለ ነበር። ብዙ ሰዎች ገብተው እንዳይባል፣ በጣቢያው አቧራማ ግቢ ከዘበኛው ሌላ ያለው የቅዳሜ ከሰዓት ኮቴ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑን ሰኞ ራሱ አይቷል፤ የሠራተኛ መስሎት ነበር ያለፈው።

ወይንሸት ወዳለችበት ክፍል ገባ። «አባ ፈንታው አንቱ የሚሉት ሰው አለ?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እንደ ቀላል ነገር ልትናገረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባት። ዐይኗ እንባ ሞላ።

«አንድ ሰው ብቻ» አለች።

ታረቀኝ ስሙን አልጠየቃትም። ወደ ዋጃ የሚሄድ የጭነት መኪና እንዲፈለግለት አዘዘ።

*

የዋጃዋ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ወንድማቸውን በጓዳው ጥላ፣ በጠፍር አልጋ ላይ አስተኝተው ጨርቅ እያራሱ ግንባራቸው ላይ ያኖሩ ነበር። ፖሊስ መሆኑን ሲያዩ አልደነገጡም፤ መጀመሪያ ውኃ ሰጡት፣ ከዚያ ዱዓ እንዲያደርግላቸው ለመኑት። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ ሲጠይቃቸው እሑድ መሆኑን ተናገሩ።

«ቅዳሜስ?»

ሴትዮዋ ሳያወላውሉ ነገሩት። ቅዳሜ በማለዳ ወንድማቸው ለተዕዚያ ወደ ሐሮ ዲማ ወርደው በቀትር ተመለሱ። እህል አልቀመሱም። ዙህር ሰግደው፣ የረሳሁት ነገር አለ ብለው ወደ ቆቦ የሚወርድ የጨው መኪና ላይ ተሳፈሩ፤ ለመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ተመልሰው ደረሱ። «ሲመለስ ወላሂ ፊቱ በርቶለት ነበር» አሉ። «በማግሥቱ ነው በሽታው የጣለው።»

አቶ አብዱሰመድ ዐይናቸውን ገልጠው ያዳምጡ ነበር። ዐምሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የሸኽ ልጅ መሆናቸው ከአነጋገራቸው የሚታወቅ ሰው ናቸው። ታረቀኝ ስለ ማሽኑና ስለ መዝገቡ ዓምድ ምንም አልነገራቸውም። ያለው ይህን ብቻ ነው፦

«አባ ፈንታው በሩን ከፈትኩላቸው አሉኝ።»

ኃላፊው ታሪኩን ከመጀመሪያው አወጡት። የውኃ ልኬቱ ሐሮ ዲማን አንደኛ አድርጓት ነበር፤ ውኃዋ ቅርብ፣ ችግሯ የከፋ። ባለፈው ወር ግን ከላይ የመጡ ሰው፣ እንግዶች ለምርቃት ሲመጡ ከአስፋልቱ ሳይወርዱ ውኃ ሲፈልቅ ማየት አለባቸው አሏቸው። እርሳቸውም በገዛ እጃቸው ሐሮ ዲማን ወደ ዘጠነኛ አወረዱ፤ ኮሚቴውም የወረደውን አጸደቀ።

«ቅዳሜ የሄድኩት ለአንዲት ልጅ ተዕዚያ ነው» አሉ። «ውዱ ትባላለች፤ ዐሥራ አንድ ዓመቷ። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ውኃ ለመቅዳት ከቆፈሩት ጉድጓድ ገብታ ስትቀዳ ተናደባት። አባቷ እጄን ይዞ አመሰገነኝ፤ ከቆቦ ድረስ መጣህልን ብሎ። ከዚያ ወረፋችን መቼ ነው አለኝ።» ጨርቁን ከግንባራቸው አንሥተው ያዙት። «ዘጠነኛ ናችሁ ማለት አቃተኝ፣ መቶ አለቃ። ስለዚህ ተመልሼ ወደ ልኩ አስቀመጥኳት። አያ ፈንታውን ማንም እንዳያውቅ አስማልኳቸው። ሐሙስ መኪናው አንዴ ከወረደ በኋላ የመጣው ይምጣ ብዬ ነበር።»

«ለምን መሐላዎን ጠበቁ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም አንቱ ያላሉ ሰው ናቸው።»

«አባቴን ነው የሚያከብሩ፣ እኔን አይደለም። በወጣትነታቸው ደም ሊመልሱ ጠመንጃ አንሥተው ሲወጡ አባቴ መንገድ ላይ ተኝቶ፣ ረግጠኸኝ እለፍ አላቸው። አልረገጡትም፤ ሁለቱ ወገን ታረቀ።»

እንግዲህ ታረቀኝ የሚቀጥለውን መናገር ነበረበት። ሽማግሌው መሐላቸውን ማፍረስ አልቻሉም፤ ወይንሸት ነገ ወደ ደሴ ስትላክ ማየትም አልቻሉም። በሁለቱ መካከል አንድ መውጫ አግኝተው፣ እኔ ነኝ ብለዋል። ይህን ሲነግራቸው አቶ አብዱሰመድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተነሥተው ተቀመጡ። የታሰረ ሰው መኖሩን አልሰሙም ነበር። ጫማቸውን በእጃቸው ፈለጉ። እህታቸው ሊያስተኟቸው ቢሞክሩ፣ «ተይኝ ኡሙ» አሉ፤ «ሁለት ሰው በእኔ ፈንታ ታስሮ እኔ አልተኛም።»

*

ሐሙስ ጠዋት መቆፈሪያው መኪና ሞተሩን እንዳስነሣ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከኋላው ላንድ ሮቨሩ። በጣቢያው ቢሮ ውስጥ አቶ አብዱሰመድ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቆመው፣ ለካሳው ያደረጉትን ሁሉ ነገሩት፤ የይለፍ ቃላቸውንም በማሽኑ ላይ መትተው ዝርዝሩን እንደከፈቱ አሳዩት።

ካሳው ገረጣ። «ከላይ የተወሰነውን ሽረዋል» አለ።

ታረቀኝ የምርመራ ዶሴውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ከፈተ። «ሁለት ዐይነት ሪፖርት መጻፍ እችላለሁ» አለ። «መንደሯን ማን ወደ ላይ እንዳወጣት ብጽፍ፣ ማን ወደ ታች እንዳወረዳትም መጻፍ ግዴታዬ ነው፤ ከነምክንያቱ፣ ከነልኬት ወረቀቱ። ወይም ዝርዝሩን ያስተካከለው የዝርዝሩ ባለቤት ስለሆነ ወንጀል አልተፈጸመም ብዬ እዘጋዋለሁ። የትኛው ላይ ትፈርማለህ?»

ውጭ የመኪናው ሞተር ያጉረመርማል። ካሳው የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

«የሞተችው ልጅ ማን ነበር ስሟ?» አለ።

«ውዱ» አሉ አቶ አብዱሰመድ።

«ይህን ማንም አልነገረኝም።» በሁለተኛው ላይ ፈረመ። ከዚያ ራሱ ወጥቶ ለሾፌሩ ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን የአፈር መንገድ በእጁ አመለከተው።

ኃላፊው ያን ፊርማ በነጻ አላገኙም፤ በሐምሌ ምክንያት ያልተጻፈበት ደብዳቤ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር አዛወራቸው። በዚያን ጊዜ ግን ሐሮ ዲማ ከገዛ ጉድጓዷ ውኃ መቅዳት ከጀመረች ሦስት ወር አልፏት ነበር።

ያን ሐሙስ ጠዋት አባ ፈንታው ዱላቸው ተመልሶላቸው በጣቢያው በር ቆመው ነበር። አቶ አብዱሰመድ ወደ እርሳቸው ሄደው፣ መሐላውን እንደፈቱላቸው በጆሯቸው ነገሯቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ለማንም አልተናገርኩም» አሉ። «ይህ መቶ አለቃ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።» ታረቀኝም አልነገራቸውም። አንደበታቸውን እንዲጠነቀቁ ማድረግ ኃጢአት መሰለው።

ወይንሸት ሰማያዊ ደብተሯን ተቀብላ፣ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብዕር አወጣች። ለዚያ ፕሮግራም ሌላ ስም ልታወጣለት፣ የቀድሞውን ልትሰርዝ ነበር። አባ ፈንታው ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ስማቸው ያለበትን መስመር እንድታነብላቸው አዘዟት። አነበበችላቸው፦ በር እንደሚከፍት፣ ተራው ሰው እንደሚገባ፣ አለቃ ሆኖ እንደሚወጣ።

አባ ፈንታው አሰላሰሉ። መቆፈሪያው መኪና አቧራውን እያስነሣ በታጨደው የማሽላ ማሳ መካከል ወደ ምሥራቅ ሲርቅ በዐይናቸው ሸኙት።

«አትሰርዥው» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ፈንታ ነው የኖርኩት። በደብተርሽ ውስጥ እንኳ አንድ ሰው አለቃ ላድርግበት።»